መብራት ድምፅ ያበላሻል

ወንድሜ ድሪክ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ከዚህ ዕድሜው ግማሹን ያሳለፈው ሙዚቃ ሲሰማ ሳይሆን፣ ሙዚቃውን ከመስማቱ በፊት መስተካከል ያለበትን ነገር ሲፈልግ ነው። ይህን የምለው በክፋት ነው። በክፋት አይደለም ብል በገልድሮፕ ከተማ የሚያምነኝ ሰው የለም። እኔና እሱ አባታችን በተወልን መንታ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን እንደምንኖር፣ በመሃላችን ያለው አንድ የጡብ ግድግዳ ብቻ እንደሆነ፣ በዚያ ግድግዳ በኩል ካልሆነም ብዙ እንደማንነጋገር ሁሉም ያውቃል።

በግድግዳው የምነግረው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። በመጥረጊያ እንጨት ሦስት ጊዜ ስመታ "ቀንሰው" ማለት ነው። እናታችን ሞታ እሱ እሷ ትኖርበት ወደነበረው ክፍል ከገባ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ እኔም አስራ ዘጠኝ ዓመት መታሁ። በእኔ በኩል ያለው ልስን እዚያ ቦታ ላይ ተቦርቡሯል።

ድሪክ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፣ ሠላሳ አራት ዓመት። አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ተሳፋሪ እየሮጠ ሲመጣ በመስታወት እያየ በሩን የሚዘጋ ዓይነት ሰው ነው። አኔሊስ የምትባል ደግ ሚስት ነበረችው። አንድ ቀን ቫዮሊኑ ዝግ ያለበት ቦታ ላይ "ስትተነፍሺ ይሰማል" አላት። ጓዟን ጠቅልላ ሄደች፤ አሁን ቤልጂየም ውስጥ እንደልቧ ትተነፍሳለች።

አምፕሊፋየሩን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ ራሱ ነው የሠራው። እንደ ድሮ ራዲዮ ባለ አምፖል ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት በራዲዮ አምፖል ፋብሪካ፣ በማጉሊያ መነጽር ሥር፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስጠመጥም የኖርኩ ሴት ነኝ። ምናልባት እሱ ጋ ካሉት ስምንት አምፖሎች አንዱ በእጄ ያለፈ ይሆናል። ሥራው ጥሩ ነው። የጠላትም ቢሆን ጥሩውን ጥሩ እላለሁ። አምፖሎቹ ሲሞቁ ክፍሉ የፍም ቀለም ይይዛል፣ የሰው ድምፅ ሲወጣባቸውም ሥጋ የለበሰ ይመስላል።

ችግሩ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ያለው ነው። ሸክላው ይንጫጫል ብሎ ሸጠው። ሲዲው ይሻክራል ብሎ ሸጠው። አሁን ሙዚቃው በኢንተርኔት መስመር ይመጣና አንዲት ትንሽ አጫዋች ሳጥን ትቀበለዋለች። ከዚያ ሌላ ሳጥን፣ እሱ "መለወጫው" የሚለው፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ፣ ሲቀዳበትም ድምፁን ወደ ቁጥር ይለውጣል። አምፖሎቹ ጋ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። "ምንጩ ካልጠራ ወንዙ አይጠራም" ይላል ድሪክ። ምንጩን ለማጥራት መለወጫውን አምስት ጊዜ ቀየረ፤ ገመድ ስንት ጊዜ እንደቀየረ እኔ እንጃ፤ ከሳጥኖቹም ሥር የጠርሙስ ቡሽ እየቆረጠ አነጠፈ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ልዩነት ግን አልሰማሁም። የምሰማው ያችኑ ዘፋኝ፣ ያንኑ ዘፈን፣ የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ብቻ፣ እየደጋገመ ነው። ዘፈኑ እንዴት እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በትንንሾቹ መብራቶች ላይ ተነሳባቸው። እያንዳንዱ ሳጥን መሥራቱን የምታሳይ ቀይ ወይም አረንጓዴ መብራት አለችው። ድሪክ አንድ ቦታ አነበበና፣ እነዚህ መብራቶች ኤሌክትሪኩን ያቆሽሹታል ብሎ ቆረጠ። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ መብራቶቹን በጉጠት ነቀለ። የመለወጫውንም ስክሪን ለዘለዓለሙ አጠፋው። አንድ ቀን የእሱ ፖስታ በስህተት እኔ ጋ መጥቶ ልሰጠው ስገባ፣ መጋረጃውን ዘግቶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

"በፋብሪካው እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ቀይ መብራት ነበር" አልኩት። "መብራቱ ካልበራ ማንም እጁን አይሰድም። መብራት የተሠራው እኮ ሰው ስለሚሳሳት ነው።"

"መብራት ድምፅ ያበላሻል፣ እትዬ።"

እትዬ የሚለኝ ሊያከብረኝ አይደለም። አራት ዓመት እንደምበልጠው ሊያስታውሰኝ ነው።

ይህን ሁሉ ንቄ ልተወው እችል ነበር፤ ቴፑ ባይኖር ኖሮ። የዛሬ አርባ ስድስት ዓመት የሰፈራችን ማርሽ ባንድ አደባባዩ ላይ ትልቅ በዓል ነበረው። አባባ የመስታወት ምድጃ ሠራተኛ ነበር፤ ጥሩምባ ግን ይነፋ ነበር፤ በዚያ ቀን ለብቻው ቆሞ የሚነፋው ክፍል ተሰጠው። መጨረሻው ላይ አንድ ከፍ ያለ ድምፅ አለ። በልምምድ አንድም ቀን ወጥቶለት አያውቅም፤ ሁልጊዜ እላዩ ላይ ሲደርስ ይሰበርበታል። በዚያ ቀን ግን ወጣለት ይላሉ። አደባባዩ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው። እኔ አልነበርኩም። የቅዳሜ ተረኛ ነበርኩ። ከሥራ ስመለስ አባባ ኩርፊያዬን አይቶ "አይዞሽ፣ በቴፕ ተቀድቷል፣ ትሰሚዋለሽ" አለኝ። በሦስተኛው ዓመት ሞተ። እናቴ ያንን ትልቅ የቴፕ ጥቅል ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ "እኔ ካለፍኩ በኋላ" አለች። ካለፈች በኋላ ድሪክ ከእኔ ቀድሞ ቁም ሳጥኑ ጋ ደረሰ። ብያለሁ፣ አርፍዶ አያውቅም።

በየዓመቱ የአባባ ሙት ዓመት ሲደርስ በሩን አንኳኳለሁ።

"ቴፑስ?"

"መለወጫው ገና ነው።"

"ምኑ ነው ገና?"

"ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል።"

"የቱ ሰዓት? የግድግዳው?"

"የውስጡ ሰዓት። አይገባሽም።"

"የማይገባኝስ አንተ ነህ። ለሌላ ሰው ስጠውና ይቅዳው።"

"ክሩ አርጅቷል፣ እትዬ። ምናልባት አንዴ ብቻ ነው የሚዞረው። ያን አንዴ ሲዞር በምርጡ ነገር ላይ መያዝ አለበት። አባባን በርካሽ ዕቃ አልቀዳም።"

ክፋቱ ይህ ነው፤ የሚለው ነገር ስህተት አይደለም። ስህተት ቢሆን ኖሮ ፖሊስ እጠራ ነበር። ዛሬ ነገ ሲል አስራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ዓመት ጆሮዬ ይደክመኝ ጀመር። መስሚያ መሣሪያ የምትገጥመው ሴት ማረይከ ትባላለች፤ አርባ ዓመት የማይሞላት፣ ፊት ለፊት የምትናገር ልጅ ናት። "ቀጫጭኑ ድምፅ ነው እየሄደብዎት ያለው፣ ወይዘሮ ትሩስ" አለችኝ። "ወፍ፣ የሕፃን ድምፅ፣ ጥሩምባ። መሣሪያው ይረዳዎታል። ግን በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ጥሩምባ ሲነፋ የሚሰማዎት ነፋሱ ብቻ ይሆናል።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ድሪክን የምጠላው በሙሉ ልቤ ሆነ። ጊዜዬን ነው የወሰደብኝ። የአባባን ድምፅ ልሰማ የቀረኝ ሁለት ዓመት ነው፣ እሱ ግን ቡሽ እየቆረጠ ነው።

ስለዚህ ከሰስኩት። ፍርድ ቤት አይደለም፤ የጎረቤት አስታራቂዎች ጋ። ሁለት ወጣቶች ብስክሌታቸውን በሬ ላይ አስደግፈው ገቡና ቡናዬን ጠጥተው "ማስረጃ ይያዙ" አሉኝ። "ሲረብሽዎት ስልክዎን ግድግዳው ላይ አድርገው ይቅዱት። መጀመሪያ ቀንና ሰዓቱን ይናገሩ።" እኔም አደረግኩት። ስልኬ በዚያች ዘፋኝ አንድ ደቂቃ ተሞላ። እያንዳንዱ ቅጂ የሚጀምረው በእኔ ድምፅ ነው፤ ክስ ለማሰማት የተፈጠረ ድምፅ እንዳለኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ማረይከ የድሪክ ማኅበር አባልም ናት። ቅዳሜ ጠዋት በማርሽ ባንዱ መለማመጃ አዳራሽ ጓሮ ካለው ክፍል ይሰበሰባሉ፤ ሰባት ስምንት ሽማግሌዎችና እሷ። አምፕሊፋየር አምጥተው ይሰማሉ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ቋሊማ ይበላሉ፣ እርስ በርስ ይናናቃሉ። ድሪክ የማኅበሩ "ጆሮ" ይባል ነበር። "ይህ መለወጫ ደረቅ ነው" ካለ፣ ባለቤቱ በሳምንቱ ይሸጠዋል።

አንድ የሰኔ ቅዳሜ ድሪክ በብርዱ ወራት ሁሉ ሲሠራው የከረመውን አዲስ የኃይል ሳጥን ይዞ ሊመጣ ነበር፤ ለትንሿ አጫዋች ኤሌክትሪክ የሚመግብ፣ የጡብ ያህል የሚከብድ ሳጥን። ቀድሞ አጫዋቿ የምትሠራው በተራ የስልክ ቻርጀር ነበር። "ቻርጀሩ ላይ ዘፋኟ ፕላስቲክ ናት" ይል ነበር። "በእኔ ሳጥን ግን ከንፈሯን ስታረጥብ ይሰማል።" ማረይከ "ይምጡና ይስሙ፣ ወይዘሮ ትሩስ" ስትለኝ ኮቴን ለበስኩ። ልስማ ብዬ አይደለም የሄድኩት። ሲሳሳት ላየው ብዬ ነው።

ድሪክ ሲያየኝ ቋሊማው አፉ ውስጥ ቆመ።

"ጎረቤቴም መጥታለች" አለ።

"ግድግዳ በሌለበት እንዴት እንደሚሰማ ላይ ብዬ ነው" አልኩት።

ማረይከ ዕቃዎቹን በጠረጴዛ ልብስ ሸፈነችና ሳንቲም አወጣች። ሳንቲሙ ራስ ሲሆን በአዲሱ ሳጥን፣ ጀርባ ሲሆን በቻርጀሩ ታጫውታለች፤ የቱ እንደሆነ ድሪክ ይናገራል። አስራ ሁለት ጊዜ። ድሪክ ዓይኑን ጨፍኖ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እውነቱን ልናገር፣ ቆንጆ ነበር የሚናገረው። "ይህ የእኔ ነው፤ ከኋላዋ ያለው አየር ይሰማል።" "ይህ ቻርጀሩ ነው፤ ትከሻዋ ጠፋ።" ትከሻ እንዴት እንደሚሰማ የጠየቀው የለም። ሲያልቅ ማረይከ ወረቀቷን አየች። ስድስቱን አግኝቷል፣ ስድስቱን ስቷል።

"ግማሽ ነው" አለች። "ሳንቲሙም ያንኑ ያህል ያገኝ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ይህ ለማንኛቸውም ሊደርስ እንደሚችል ሁሉም ያውቃሉ። እዚያ ላይ ቢቀር ኖሮ ደግ ነበር። ያኑስ ግን ተነሳ። ያኑስ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ እጁ ከጆሮው በላይ ያውቃል። የጠረጴዛውን ልብስ ገልጦ መዳፉን አዲሱ የኃይል ሳጥን ላይ አሳረፈ፤ ቆይቶ ደግሞ አሳረፈ።

"ድሪክ፣ ይህ ሳጥን ቀዝቃዛ ነው።"

"ጥሩ ሥራ አይሞቅም" አለ ድሪክ።

"የሚሠራ ዕቃ ትንሽ ይሞቃል። መብራቷ የት አለች?"

"ነቅያታለሁ።"

ያኑስ ብሎን መፍቻ ጠየቀ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ያኑስ ያወጣው ግን አንድ ፊውዝ ነበር። ጥቁር ብሎ ተቃጥሏል፤ ጥቁረቱም ላይ አቧራ ተኝቷል። ሳጥኑ ከሞተ ወራት ሆኖታል። አጫዋቿ ስትሠራ የከረመችው ሙዚቃውን በምታቀብልበት ገመድ በኩል ከመለወጫው ኤሌክትሪክ እየጠባች ነው። ያ አየር፣ ያ ትከሻ፣ ያ ከንፈር ማርጠብ ሁሉ ከሬሳ ነው የመጣው።

ያኔ ሳቅኩ። ብቻዬን ነው የሳቅኩት። ከዚያ ተነስቼ ስምንት ሰው ፊት እንዲህ አልኩት፦ "አባባን አስራ ዘጠኝ ዓመት የቆለፍክብኝ ለዚህ ጆሮ ነው?"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ድሪክ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጠቀለለ። ቋሊማውን ሳይጨርስ ሄደ። ያኑስ ከኋላው "መብራቷን መልሳት። ቴፑንም ሳናደርቀው እንዳትነካው፣ የዚያ ዘመን ክር እርጥበት ይይዛል" ብሎ ጮኸለት። መልሱ የበሩ ድምፅ ነበር።

"ያሉት እውነት ነው" አለችኝ ማረይከ። "እንዲህ ግን አይባልም።"

"እኔ ነኝ የምለው" አልኳት፤ ግን ወደ ቤት ስሄድ መንገዱ ረዘመብኝ።

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት በኋላ ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ የሚያንቋርር ነገር ተሰማ፤ ያልተቀባ የበር ማጠፊያ ዓይነት። ከዚያ ሙዚቃ ቀጠለ። እጄን አደረቅኩ፣ ስልኬን ከሽርጤ ኪስ አወጣሁ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና እንደ ልማዴ ተናገርኩ። "እሁድ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ያው ሰውዬ ጀመረው። ትናንት አልበቃውም።" ከዚያ መጥረጊያውን አንስቼ ሦስት ጊዜ መታሁ።

ዘፋኟ አልነበረችም። የማርሽ ባንድ ነው። ከበሮው ትንሽ ይዘገያል፤ የሰፈራችን ከበሮ መቺ ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር። መጥረጊያውን የት እንዳደረግኩት አላውቅም። ባንዱ ዝም ሲል አንድ ጥሩምባ ብቻውን ቀረ።

መስሚያ መሣሪያዬ ግድግዳው ሲነካው ያፏጫል። አውልቄ ጣልኩት። ጆሮዬን ስለጥፍ የሚሰማኝ ጭጋግ ነው። ጉንጬን ለጠፍኩ፤ የጉንጬን አጥንት ጡቡ ላይ አጥብቄ ስጫን ያኔ ድምፁ ገባ። የአባባን ጥሩምባ የሰማሁት በጥርሴ ነው። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደሚሉት ያለ ጎበዝ አልነበረም፤ መተንፈስ የሌለበት ቦታ ላይ ይተነፍሳል። ከዚያ ወደዚያ ድምፅ ወጣ። ይሰበራል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። አልተሰበረም። እላዩ ላይ ቆመ፣ ቆየበት፣ ራሱም የገረመው ይመስል ትንሽ ጨመረበት። ተንበርክኬ ነበር፣ መቼ እንደተንበረከክሁ አላስታውስም። ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ለእንዲህ ያለ ነገር አይሆንም።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ድሪክ በፊት በር ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ጣቶቹ ካካዎ የነካ ያህል ቡናማ ሆነዋል።

"ምንም የለም" አለ።

"ምኑ?"

"አልተቀዳም።"

እዚያው ቆሞ ነገረኝ። ከማኅበሩ ከተመለሰ እንቅልፍ አልወሰደውም። ጆሮው እንደሚሠራ ሊያሳየኝ ፈለገ። የቴፕ ማጫወቻውን አወጣ፣ ቴፑን ሳያደርቅ ጫነው፣ በአንድ በኩል ወደ አምፖሎቹ፣ በሌላ በኩል ቀድቶ እንዲያስቀምጥ ወደ መለወጫው አገናኘው። ክሩ እየዞረ ፊቱ ተላጠ፤ ቡናማው ዱቄት ማጫወቻው ላይ እየረገፈ ቀረ። ድምፁ ያለው ያ ዱቄት ላይ ነው። ደግሞ ሊያዞረው ሲሞክር ጩኸት እንጂ ሌላ አልወጣም። ሲጫወት ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማ ነበር። መለወጫው ግን ቴፑን እየሰማ አልነበረም፤ ትናንት በነበረበት በሌላኛው ቀዳዳ፣ ጠፍታ በተቀመጠችው አጫዋች ላይ ነበር ጆሮው። ስክሪኑ ቢበራ ኖሮ በትልቁ ይጽፈው ነበር።

"ሃያ አራት ደቂቃ ዝምታ ቀዳሁ" አለኝ።

"ጥራቱስ?" አልኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ነው ያልኩት።

"ጥራቱ ምንም አይወጣለትም" አለ ድሪክ። እየቀለደ አልነበረም።

ስልኩ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። "ምንም የለም" ካለኝ ደቂቃ ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ ጭኔ ላይ ይከብደኝ ነበር። ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። "አባባን ሁለተኛ ቀበርከው" አልኩትና በሩን ዘጋሁ። አራት ቀን ዝም አልኩት። አስራ ዘጠኝ ዓመት ለጠበቀ ሰው አራት ቀን ምንም አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በእነዚህ አራት ቀናት ከግድግዳው ወዲያ አንድም ድምፅ አልመጣም። ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ። አልኮራበትም፤ ልጸጸት የሚገባኝን ያህልም አልተጸጸትኩም።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ላሰጣ ጓሮ ስወጣ በመስኮቱ አየሁት። መጋረጃውን ከፍቶ፣ ሳጥኖቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ፣ ትንንሾቹን መብራቶች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው እየመለሰ ነበር። ነቅሎ አልጣላቸውም ነበር ማለት ነው፤ በክብሪት ሣጥን አስቀምጧቸዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ግን አንዲቱ አረንጓዴ ስትበራ ጣቱን አጠገቧ አድርጎ ሲያያት ቆየ፤ እኔም እርጥብ አንሶላ ይዤ ከዚያ በላይ መቆም አልቻልኩም።

"ና ቡና ጠጣ" አልኩት በአጥሩ ላይ።

ጠረጴዛዬ ጋ አስቀመጥኩት። ቡና ቀዳሁለት፣ አንድ ብስኩት ሰጠሁት፣ የቆርቆሮውን ክዳን ዘጋሁ። ስልኩን በመሃላችን አስቀምጬ ነካሁት።

"እሁድ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ያው ሰውዬ ጀመረው። ትናንት አልበቃውም።"

ድሪክ ቀና ብሎ አየኝ። ሦስቱ ምት መጡ፤ ቅርብ ስለነበሩ ጠረጴዛውን የመቱት ይመስላል። ከዚያ ከጡቡ ማዶ፣ ከፍሪጄ ማጉረምረም ሥር፣ አባባ መጣ።

ሙሉውን ሰማ። ስለ አየርም ስለ ትከሻም አንድ ቃል አልተናገረም። ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ስንደርስ ሲኒው ማስቀመጫው ላይ ይንቀጫቀጭ ጀመር፤ በሁለት እጁ ያዘው። ሲያልቅ ብስኩቱ እንዳለ ነበር።

"መች ነው የቀዳሽው?"

"ስከስህ።"

ከዚያ፣ እንዲህ ያለ ሰው ስለሆነ፣ እንዲህ አለ፦ "ፋይሉን ስጪኝ። የግድግዳውን ጉምጉምታ ላወጣው እችላለሁ። ትንሽ ብቻ ላሻሽለው።"

ስልኩን አንስቼ ሽርጤ ኪስ ከተትኩ።

"አይሆንም።"

"መጀመሪያ ላይ ያለውን የአንቺን ድምፅ ብቻ ቆርጬ…"

"ድምፄ ይቀራል።"

"እትዬ።"

"ድምፄም፣ መጥረጊያውም፣ ፍሪጁም ይቀራሉ። ንክች አታደርገውም።"

"ታዲያ እንዴት ልስማው?"

"እኔ አስራ ዘጠኝ ዓመት አንተን እንዴት ስሰማህ ኖርኩ?"

ተነስቶ ሄደ። ለደህንነቱ ማረይከ ቅጂውን በሦስት ቦታ አስቀምጣዋለች፤ የት የት እንደሆነ ለድሪክ አልነገርነውም።

በቀጣዩ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሲሆን የማረይከን ትንሽ ስፒከር ልስኑ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጌ አስቀመጥኩና እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከወዲያ በኩል ወንበር ሲጎተት ሰማሁ፤ ወደ ግድግዳው ነው የተጎተተው። በቅጂው ላይ ክሴን አሰማሁ፣ መታሁ፣ አባባ ነፋ፣ ከፍ ያለው ድምፅ ወጣ፣ አለቀ።

ያኔ ከወዲያ ሦስት ጊዜ ተመታ።

ደሜ ፈላ። መጥረጊያዬን አነሳሁ፤ በገዛ ቤቴ ቀንሺ ልባል ነው ብዬ። ከዚያ እጄ ቆመ። ያለቀ ነገር ቀንሺው አይባልም።

መጀመሪያ ቡናዬን ጠጣሁ፤ ትንሽ ይጠብቅ። ከዚያ ደግሜ ከፈትኩለት።